ጦሬ ቴምብር አይደለም!

አሁን ከጦርነት ጨዋታ ክለባችን መግባቴ ነው፤ ጥቃቅን የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን የምንዋጋበት። ጃኬቴን እንኳን አላወለቅሁም። ይሄን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሦስት ሳምንት! ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከአክሪሊኩ (ብርሃን ከሚያሳልፈው ፕላስቲክ) ሉህ ላይ አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ አውጥቼ መቆሚያው ላይ የሰካሁት ጠፍጣፋ የናፖሊዮን ፈረሰኛ፣ በአንድ ሰውዬ አፍ የአዳራሹ መሳቂያ ሆኖ አመሸ።

ያው እሱ ነው፤ ባለፈው በዳይስ አጣጣሌ የተጨቃጨቀኝ። ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ቆሟል። እሱ ጎንበስ አለና ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ በጎን በኩል ተመለከተ።

«ጦርህ የት ሄደ?» አለኝ።

«የት ሄደ ማለት?»

«አሁን እዚህ ነበር፤ ጎንበስ ስል ጠፋ!»

ሳቅ። ይኼ አልበቃውም። አንዱን ባለ ጥሩር ፈረሰኛዬን በሁለት ጣቱ አነሳና ምላሱን አውጥቶ ጀርባውን የላሰ መሰለ፤ ከዚያ መዳፉ ላይ ጠፍ አደረገው፣ ልክ ፖስታ ላይ እንደሚለጥፍ። «ቴምብር ነው። ደብዳቤ ስጽፍ እወስድልሃለሁ። እኛ ግን እዚህ የምንጫወተው በወታደር ነው።» ከዚያ በአገጩ የልጆቹን ጠረጴዛ አሳየኝ። በአገጩ!

እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ሰውዬው የአባቴ እኩያ ነው፤ አንቱ እያለ ያደገ አፍ ሽማግሌ ፊት አይከፈትም። ጀርመንኛው አንተ ቢያስብለኝም አንደበቴ እዚያው ቀረ። መልሱ የመጣልኝ ኡባን (የምድር ውስጥ ባቡሩ) ውስጥ ነው፣ ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ብቻዬን ሳወራ አይታ ቦታ ቀየረች።

እንግዲህ እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

የምንኖረው ኑረምበርግ ነው። ኑረምበርግ! የቆርቆሮ ወታደር ዓለምን ያዳረሰው ከዚህ ከተማ ነው፤ ያ ወታደር ደግሞ ጠፍጣፋ ነበር። ኧርንስት ሃይንሪክሰን እዚሁ በ1839 በፈረንጅ ወርክሾፑን ሲከፍት ድንጋይ ላይ እየቀረጸ፣ ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጦ እያፈሰሰ የሠራው ወረቀት የሚያህል ስስ ወታደር ነው። ቁመቱ 30 ሚሊሜትር ገደማ፤ ልኩ እስከ ዛሬ በከተማው ስም ይጠራል። ኩልምባኽ ከተማ ሂዱ፣ ፕላሰንቡርግ አምባ ላይ ያለውን ሙዚየም እዩት፤ ወደ 300,000 የሚሆን የቆርቆሮ ምስል አለ፣ አብዛኛው ጠፍጣፋ። ሰውዬው እዚያ ገብቶም ጎንበስ ይላል? የአያቶቹ መጫወቻ ነው እኮ! እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ የማውቀውን እሱ እዚሁ ተወልዶ እንዴት አያውቅም?

ደግሞ ማን ነው ጦርነት በጎን የሚያየው? ተጫዋች ከጦሩ ኋላ ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ ነው የሚያዝዘው። ሕጉስ ቢሆን? የምንጫወትበት ሕግ የሚለካው ከመቆሚያው ጠርዝ ነው። ርቀቱም ግጭቱም ዙሪያውን መከበቡም ከመቆሚያው ነው። ላዩ ላይ ያለው እርሳስ ይሁን አክሪሊክ ለሕጉ ምኑም አይደለም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዋተርሉ፣ የናፖሊዮን የመጨረሻው ውጊያ፣ ሰኔ 18 ቀን 1815 በፈረንጅ። ናፖሊዮን ወደ 73,000፣ የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን ወደ 68,000። አንዱን ምስል 50 ሰው ብዬ ብቆጥር 2,820 ወታደር ያስፈልገኛል፣ ዌሊንግተንን ሊረዱ የመጡትን ፕሩሲያኖች ሳልጨምር። እነሱ የሚጫወቱበትን የብረት ምስል አንዱን ቀለም ለመቀባት ግማሽ ሰዓት ብል 1,410 ሰዓት ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ባገኝ (አላገኝም) ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የኔ ትንሹ ልጅ እኮ ሰባት ዓመቱ ነው! ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል፣ ምድር ቤት አለው፣ ብሩሽ የሚያደርቅበት መደርደሪያ አለው። እኔ ያለኝ አንድ የኩሽና ጠረጴዛ ነው፤ እሱም ቁርስ ሲደርስ ይነጠቃል። ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ አልቆለት የሚመጣው ጠፍጣፋ ባይኖር እኔ ዋተርሉን መቼም አልጫወትም ነበር። ይሄ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ።

ልፋት የለውም የሚለው ወሬም ሰልችቶኛል። ማጣበቂያውን ይጠይቀኝ! ያ ፈጣኑ ሙጫ አክሪሊኩን እንደ ጉም ነጭ ያለብሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት እግረኞቼ በዚያ ምክንያት እስከ ጉልበታቸው ጭጋግ ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። አሁን በነጩ የእንጨት ኮላ ነው የምሠራው፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል ግን አያበላሽም። ደግሞ ያ ፓኬት! እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ከዚያ ያዘዝከው ሁሉ ጉምሩክ ይጎተታል። አሥራ አንድ ቀን ጠብቄ፣ ቀረጡን በሬ ላይ በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተቀበልኩት። ይሄ ሁሉ ለቴምብር ነው?

እውነት ለመናገር መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፣ አልክድም። ግን የሳንጃውን ጫፍ አይታችኋል? ዙሪያውን ጠርዝ ሆኖ የቀረው ብርሃን የሚያሳልፈው አክሪሊክ ጠብቆት አይሰበርም፣ አይጎብጥም። የሰውዬው የብረት ጦረኞች ጦር በየጨዋታው ተጣምሞ በጥርሱ ሲያቀና አይቼዋለሁ፤ አልሳቅኩም።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ሳሎን የዓድዋ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹ በጎን ባንድ ዓይን፤ ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ሁሉም በሰልፍ። የመድፉ ጭስ ይሸተኝ ነበር። ጦርነትን የወደድኩት ከዚያ ሥዕል ነው። አንድ ቀን የካቲት 23ን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ነው ሕልሜ። በእኛ በኩል ብቻ ወደ መቶ ሺህ ሰው፣ ማለትም 2,000 ምስል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እስካሁን አላገኘሁም። ባገኝ ግን ያለ ጥርጥር ጠፍጣፋውን ነው የምገዛው፤ ከሥዕሉ ላይ ወርደው የቆሙ ነው የሚመስሉኝ።

ቅዳሜ ልሂድ? አላውቅም። ሌላ ክለብ የለም፤ ያለውም ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቴ «ተወው፣ እቤት ከልጁ ጋር ተጫወት» ትላለች። ልጁ ደግሞ «ዳዲ፣ ማን አሸነፈ?» ብሎኝ ነው የተኛው። ጨዋታው እንዳልተጀመረ አልነገርኩትም።

ፈረሰኛዬን ኪሴ ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ፤ መቆሚያው ላላ ብሏል። ኮላው ከፍሪጁ በላይ ነው። የአሮጌው ዘብ፣ የናፖሊዮን ምርጥ ጦር፣ ሁለት ሻለቃም ገና ከሉሁ አልወጣም።