እርማት፦ ሮኬት ታንክ አይለቅምም

በባሕር ዳሩ የጦርነት ጨዋታ ደንባችሁ ስለ ታይፉን (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሮኬት ይተኩስ ስለነበረው የብሪታንያ አውሮፕላን) «ታይፉን በአንድ ዳይስ 4 እና ከዚያ በላይ ካወጣ ታንኩ ከጨዋታው ይነሣል» ብላችኋል። ወንድሜ፣ ይህ ግማሽ በግማሽ ዕድል ነው፤ ከእውነታው ጋር አይገናኝም። በነሐሴ 1944 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ከተማ ሞርቴን ላይ የተባበሩት ኃይሎች አብራሪዎች ከመቶ በላይ የጀርመን ታንክ አወደምን አሉ፤ ሜዳውን የፈተሹት የብሪታንያ ባለሙያዎች ግን በአየር ጥቃት የወደሙ ከ10 ያነሱ አገኙ። ታይፉን የሚይዛቸው ስምንት ሮኬቶች ከተተኮሱ በኋላ አይመሩም፤ አውሮፕላኑ እየጠለቀ ሲወርድ ጥቂት ወደ ጎን ከተንሸራተተ ወይም ርቀቱ ከተሳተ ሁሉም ይስታሉ። ከቤዛዊት ኮረብታ ጣና ላይ ያለች ታንኳን መውገር እንደማለት ነው (ያቺ እንኳ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው)።

በሁለት ዳይስ ጣሉ፦ ለታንክ 12 ብቻ፣ ለጭነት መኪና 9 እና ከዚያ በላይ። 2 ከወጣ የራስ ወገን ይመታ። ሮኬቱ ቢስትም በአካባቢው ያለ ታንክ አንድ ዙር ይቁም፤ ሞርቴን ላይ ደህና ታንካቸውን ጥለው የሸሹ ጀርመኖች ነበሩ።