«በዚችም አንድ አንሳን»

ሰው ቀብድ ከፍሎ፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ጥለት አሠርቶ፣ ቤተሰቡን በሁለት መኪና ጭኖ ሱሉልታ ድረስ ይመጣል። አደይ አበባው መሀል ይሰለፋል። እኔ ሕፃኑን አስቄ፣ የአባወራውን ኮሌታ አቃንቼ፣ አያትየዋን «እማማ ትንሽ ቀና ይበሉ» ብዬ፣ ልጫን ስል አንድ እጅ ከሰልፉ ውስጥ ስልክ ይዘረጋልኛል። «ወንድሜ፣ በዚችም አንድ አንሳን።»

በእጄ የያዝኩት ምን መስሎት ነው?

አንድ ብሎ ደግሞ በአንድ የሚያቆም የለም። የአባትየው ስልክ ሲያልቅ የእናትየው ይከተላል። ከዚያ ምራትየዋ «የኔ ካሜራው ጥራት አለው» ብላ ትመጣለች። አክስት ከኋላ «ውጭ ላለው ወንድሜ የምልክለት» ብላ የሷን ትጨምራለች። ክንዴ ላይ ስልክ ደርድሬ ስቆም ያየኝ መንገደኛ ስልክ አዟሪ ነው የምመስለው። አንዱ ስልክ ቻርጅ የለውም፤ አንዱ «ሜሞሪ ሞልቷል» ይላል፤ አንዱ ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ከሰልፉ ወጥቶ ይከፍታል። ተመልሶ ሲቆም ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይ አትጠብቅም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ፀሐይዋ እንደ አውሮፓ በጋ ስትንቀራፈፍ አታመሽም። ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት ያቺን ወርቃማ ብርሃን ትሰጥና ጥርግ ትላለች። ቀጠሮ ለ10 ሰዓት የሚያዘው ለዚህ ነው። ቤተሰቡ 11 ተኩል ይደርሳል። «ትራፊኩ!» ይላሉ። ትራፊኩም አለ፤ የእናትየው ሹሩባም አለ፤ ሳይተኮስ የቀረው የልጁ ሱሪም አለ። ሜዳው ደግሞ የሰው ነው፤ አደዩ የሚደምቀው ጤፉ ዳር ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና «አበባው ውስጥ እንደፈለጋችሁ ተነሱ፤ ጤፌን ግን አትርገጡብኝ» አሉ። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «እሺ አባባ» አለ። ከዚያ ጤፉን ረገጠ።

ስልኩ ምን አደረገህ የሚል ይኖራል። ልንገረው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ነው፤ በእኛ በፎቶ አንሺዎች አለካክ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ቀረብ ብለው ብዙ ሰው ሲያነሱበት መሀል ያለው ራሱን ሲመስል ዳር የቆመው ይለጠጣል። እኔ ጠበብ አድርጎ በሚያሳየው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጭቃው ውስጥ ወደ ኋላ የማፈገፍገው ለጌጥ አይደለም። ዳር የምትቆመው ደግሞ ሁልጊዜ አክስት ናት፤ ቦታ ለሰው ትለቃለች፣ ደግ ናት። ስልኩን ተቀብላ ታይና «ምነው እንዲህ አወፈርከኝ?» ትለኛለች። ስልኩ የሷ፣ ሌንሱ የሷ፣ ጥፋቱ የኔ።

መኪናቸው ሳይነሳ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው። ዘመድ አዝማድ «ያማረባችሁ!» ብሎ ጨርሷል። እኔ በሳምንቱ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ቀለሙን አስተካክዬ ሳስረክብ «አሪፍ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው አይቶታል» እባላለሁ። በፋይል ተላላኩ ብዬ እመክራለሁ፤ በፎቶ ይላላካሉ፤ ቴሌግራም ጨፍልቆ ያሳንሰዋል። ከዚያ ይደወልልኛል። «ፎቶህ ደበዘዘብን።»

በዚህ ላይ ስልኩ ሳይጠየቅ ፊት ያለሰልሳል፣ ያቀላል። «በስልኩ ቀላ ብለናል፤ የአንተ ግን አጠቆረን» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ስቄ አልፋለሁ። ሳልስቅ የቀረሁት አንዲት እናት ፎቶ ልትመርጥ መጥታ ኮምፒውተሬ ላይ ትንሿን ልጇን በጣቷ እያመለከተች «እሷን ትንሽ ቀላ አድርግልኝ፤ እንደ እህቷ» ባለችኝ ጊዜ ነው። ልጅቷ ስድስት ቢሆናት፣ ሰባት ቢሆናት ነው። አጠገባችን ቆማለች። ስክሪኑን አየች፣ ቀጥሎ እህቷን አየች። «ልጅቷ ምን ጎደላት?» አልኩ። «ከፋይዋ እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ እናትየዋ፣ ፈገግ እያለች፣ ምንም ክፉ ነገር ያለች ሳይመስላት። ሌላ ቦታ ወስዳ አስቀልታት እንደሆነ አላውቅም፤ ከኔ ዘንድ ግን ልጅቷ በመልኳ ነው የወጣችው። ሂሳቤን ቀንሳ ከፈለችኝ። ትቀንስ።

ለመሆኑ ቤድሮስ ቦያጂያንን «በዚችም አንድ» ብሎት የሚያውቅ አለ? አርመናዊው ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ፤ ቶኒ አፄ ኃይለ ሥላሴን ሲያነሳ ኖረ። በቦያጂያን ዘመን ንጉሥም ቢሆን ካሜራ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ነበረበት፤ የተንቀሳቀሰን ሰው ያ ካሜራ ጭጋግ አድርጎ ያስቀረዋልና። ፎቶ አንሺው «አይተንፍሱ» ሲል የማይተነፈስበት ዘመን! እኔ ዛሬ የስድስት ወር ሕፃን እንኳ አይሰማኝም።

ሙያውን የለመድኩበት ስቱዲዮ ውስጥም ይህ ክብር ጭላጩ ነበረ። ከመጋረጃው ጀርባ መስታወትና ማበጠሪያ ተንጠልጥለዋል፤ ማበጠሪያው ከፊሉ ጥርሱ የለም። ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ታስሮ የማይፈታ ከረባት አለ፤ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ሁሉ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ያንኑ ለብሶ ይነሳል። ግድግዳው ላይ ሠዓሊው በየት በኩል እንደሚፈስ ያልወሰነለት ፏፏቴ ተስሏል። ባለ 36 ፊልም ነበርና እያንዳንዷ ጠቅታ ገንዘብ ናት። ሰው የሚነሳው አንዴ ነው፤ ዓይኑን ከጨፈነ ጨፍኖ ይኖራል እንጂ «ድገመኝ» የለም። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። ደንበኛው በዚያ መሀል በመንገድ ሲያገኝህ ኮፍያውን ያነሳልሃል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ። አባቶቻችን ሞኙን ለመስደብ ይሁን ወረቀቱን ለማመስገን የተረቱት ለይተው አልነገሩንም። እኔ ለፎቶ አንሺ የተተረተ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ዕድል ባገኘሁ ቁጥርም እጠቅሰዋለሁ፤ ባለቤቴ ሰልችቷታል። ዘንድሮ ግን ሞኙ በዝቶ ወረቀቱ ጠፋ። ፎቶ የሚያሳጥብ ሰው የለም። «ሶፍት ኮፒው ይበቃናል።» ስልኩ ታክሲ ውስጥ ሲሰረቅ የልጁ የመጀመሪያ ዓመት አብሮ ይሰረቃል። ያን ጊዜ ሌሊት ይደወልልኛል፦ «አንተ ጋ አለ አይደል?»

የድሮ ሳሎን ግን ወረቀት ይይዝ ነበር። ብፌው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ሬዲዮኑ ላይ ዳንቴል፤ ከበላዩ በመስታወት ፍሬም የሰርግ ፎቶ። አባት ተቀምጦ እናት እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች፤ ሁለቱም የተኳረፉ ይመስላሉ፤ ጥርስ ማሳየት ያኔ ለፎቶ የሚሆን ነገር አልነበረም። የፍሬሙ ጥጎች ላይ ጉርድ ፎቶዎች ተሰክተዋል፦ ዘማቹ አጎት፣ ስምንተኛ ክፍል ያለፈችው እህት፣ ቤይሩት የሄደችው የአጎት ልጅ። ሰው አዲስ ጉርድ ፎቶ ሲያመጣ አሮጌው አይወጣም፣ ይደረብበታል። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ያን ግድግዳ እያነበበ ዘመድ ይቆጥራል። አሁን እንግዳ ሲመጣ ዋይፋይ ነው የሚጠይቀው።

የእጅ ሥራ ካነሳሁ አይቀር እናቴን ልጥቀስ። ስፌት ትሰፋለች። አክርማዋን ውኃ ነክራ ታለዝባለች፤ በወስፌዋ ትበሳለች፣ አክርማውን ታሾልካለች፣ በአፏ ጫፉን ይዛ ትስባለች፤ ስንደዶው ሲያንስ ሁለት ሦስት ሰበዝ ትጨምራለች። ቀይና አረንጓዴውን አለላ የምታስገባበትን ቦታ የትም ጽፋ አላየኋትም፤ ዙሩ ሲገጥም ግን ጥልፉ ይገጥማል። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣ የምትጨርሰው ጥቂት ዙር ነው። ታዲያ እንዲህ የሰፋችውን አንድ መሶብ ለፎቶ ማድመቂያ ተበድሬያት ነበር። ጥሩ ሰነበተ። በኋላ ግን ኢንተርኔት ላይ የፈረንጅ ጨቅላ ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ያዩ ወላጆች መምጣት ጀመሩ። «የኛንም መሶቡ ውስጥ አስተኛልን።»

እናቴ ፎቶውን ስታይ መነጽሯን ሁለቴ ወለወለች።

«ልጅ ነው እንጀራ? ክዳኑንስ ትገጥሙበታላችሁ?»

«ፋሽን ነው እማዬ።»

«ኪራዩ ስንት ነው?»

ሕፃን ደግሞ ሕፃን ነው። አንዱ እንግዳ የፎቶው ቀለም እስኪስተካከል አልታገሠም፤ መሶቡ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሰነበተ። አሁን እናቴ ዘንድ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፤ ባለ መብራት የፕላስቲክ ቅርጫት ገዝቼ እየሠራሁ ነው። ደንበኞቼ «ያኛው ባህላዊው የት ሄደ?» ይላሉ። እቤታቸው ያለው እንጀራ የሚቀመጠው ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ባህሉን የሚፈልጉት ከኔ ነው።

መሶብ ሲነሳ ምግብ፣ ምግብ ሲነሳ ደግሞ የአንድ ዘመዴ ሰርግ ትዝ ይለኛል። ጥር ላይ ነበር፤ ዓመቱን አልናገርም፣ እሱ ያውቀዋል። የጥሪ ካርዱ ላይ ስሜ ከነባለቤቴ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ዋዜማው ማታ ተደወለልኝ፦ «ካሜራህን ያዝ እንጂ፣ ለማንኛውም።» ለማንኛውም የተባለው ከጠዋቱ ሽማግሌ ምርቃት እስከ ማታው ኬክ ቆረሳ ሆነ። ባለቤቴ ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች። ክትፎው ሲያልፍ አየሁት፤ ሲመለስም አየሁት፣ ባዶ ትሪ ነበር። ብር አልጠየቅኩም፣ ዘመድ ነው። አልበሙንም በራሴ ወጪ አሠራሁ። ዓመት አልፎ ቤታቸው ሄደን አልበሙን ስናገላብጥ ሙሽሪት ድንገት ቀና ብላ «እንዴ፣ አንተ በሰርጋችን አልነበርክም?» አለችኝ። ባሏ ከኔ ቀድሞ መለሰላት። «ሥራ በዝቶበት ነው።»

እስከዛሬ ሲደውል ስልኬን የማነሳው ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነው።

የጀመርኩት ስለ ስልክ ነበር መሰለኝ። አዎ፤ መላ ፈልጌለት ነበር። የዋጋ ዝርዝሬ መጨረሻ ላይ «በደንበኛ ስልክ ማንሳት» የሚል መስመር ጨምሬ ዋጋ አወጣሁለት። አንድ ነጭ ፀጉር ያበቀሉ አባት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አውርደው አነበቡትና ከልባቸው ሳቁ። «ይቺ ጨዋታ ናት፣ የኔ ልጅ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። አንቱ የሚባል ሰው እንዴት ክፈሉ ይባላል? አነሳኋቸው። ከዚያ ምራታቸውን፣ ከዚያ ሁሉንም።

አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ አደዩ ረግፏል። ትናንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ለእንቁጣጣሽ አልተመቻቸውም፣ ለመስቀል ልብሱ አልደረሰም፤ አሁን ቤተሰቡ ተሟልቷል፣ አደይ አበባው ውስጥ መነሳት ይፈልጋሉ። «አልፏል እኮ ወንድሜ» አልኩት። «ጾመ ጽጌ እስከ ኅዳር 5 አይደል እንዴ? አበባ እንዴት ያልቃል?» ብሎ ተከራከረኝ። ስለ ጾሙ ልክ ነው፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ነው። አደዩ ግን ግጻዌ አያነብም። «እሺ፣ በፎቶሾፕ አስገባልን» አለ። ይቻላል አልኩ፤ ወዲያው ቀብድ ላከ። ማለዳ ይሁን ስላሉ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት ብርድ ስለሆነ ለሽማግሌዎቹ ጋቢ ይዛችሁ ኑ ብዬ መከርኳቸው። ጥለቱን ይሸፍንብናል ብለው እምቢ አሉ።