«አንድ ቁጥር ነው እኮ የምትቀይረው»

ይችን አነጋገር ዛሬም ሰማኋት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ወንበር ሳልስብ። «የውሃ ታሪፉ ተሻሽሏል፤ አንድ ቁጥር ነው እኮ የምትቀይረው፣ ለዓርብ አድርሰው።» ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ይገድለኛል።

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በዙሪያችን ላሉ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም እጠግናለሁ። ከሥራዬ አብዛኛው አዲስ መጻፍ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ጽፎት የሄደውን ኮድ ማንበብ ነው። አሁን የያዝኩት ከማርቆስ በአባዱላ ሁለት ሰዓት የምታስኬድ የአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ቢል ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባል የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያ ተጽፎ፣ ዳታው አክሰስ በሚባል የመረጃ ቋት ላይ ተቀምጧል። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ማይክሮሶፍት ለመጻፊያው ድጋፍ መስጠት ያቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008። ፕሮግራሙ ግን ዛሬም ዊንዶውስ 10 ላይ ይከፈታል። መከራችንም ይኸው መከፈቱ ነው! ስለተከፈተ «ይሠራል እኮ» ይባላል፣ ይሠራል ስለተባለም ለማደሻው በጀት አይያዝም፣ በጀት ስለሌለው እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ እለጣጥፋለሁ።

እሺ፣ «አንድ ቁጥር» የተባለውን ታሪፍ ፈለግሁት። 17 ቦታ ነው የተጻፈው። ቢሉ ላይ አለ፣ ቅጣቱ ላይ አለ፣ የወር ሪፖርቱ ላይ ሦስት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ቦታ ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ተባዝቶ ገብቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ከቆጣሪ ኪራይ ጋር ተደምሮ ሌላ ቁጥር ሆኗል። ፈልገህ እንኳን አታገኘውም። 16ቱን ቀይሬ አንዱ ካመለጠኝ ደንበኛው የያዘው ቢልና ሒሳብ ክፍል ያለው ሪፖርት አይገጥሙም። ሲጎድል ደግሞ የምትጠየቀው ገንዘብ ያዧ ናት። በሰው እንጀራ ነው የምንጫወተው!

የቫሪያብሎቹ፣ ማለት ኮዱ ቁጥር የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች፣ ስም ኤክስ፣ ኤክስ 1፣ ቴምፕ፣ ቴምፕ 2 ነው። ኤክስ 1 ከላይ ሲጀምር የቆጣሪ ንባብ ነው፣ ትንሽ ወረድ ሲል ብር ይሆናል። ከ6000 መስመር በላይ ውስጥ አንዲት ኮመንት፣ ኮዱን ለሚያነበው ሰው የምትጻፍ ማብራሪያ፣ የለችም።

የደንበኞቹ ስም ሌላ ጉድ ነው። ሠንጠረዡን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ብቻ አየሁ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እኛ ጋ እስኪለመድ ደግሞ ብዙ ዓመት ወስዷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የላቲኑን ቦታ እየወሰደ ፊደላችንን በመሰለው ላይ ይደረድር ነበር። ዋናው ፊደል ብቻ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። ዲቃላው፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመርበት በአንድ ፎንት ውስጥ ካሉት 256 ቦታዎች ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ፎንት «ሀ» ያደረገውን ቁጥር ሌላው «ለ» ያደርገዋል። የትኛው ፎንት እንደነበረ የጻፈ የለም። አራት ቀን ሙሉ አሮጌ የወረቀት ቢል ከጎኔ አስቀምጬ፣ ከስሙ ጋር እያስተያየሁ ፊደል በፊደል ፈታሁት። የሰው የአባት ስም ነው፣ በግምት አይሞላም።

ጳጉሜንም አለች። ኮዱ «ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም» ይላል። የዘመነ ሉቃስን ጳጉሜን 6 ጨርሶ አያውቃትም። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ረቡዕ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ገንዘብ ያዦቹ ደረሰኝ በእጅ ጽፈው ሒሳቡን በጳጉሜን 5 አስገብተውታል። ሪፖርቱ ላይ የዚያን ቀን ገቢ እጥፍ ሆኖ ሳየው ሌብነት መስሎኝ ደነገጥሁ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን ማየት ነው፣ አንድ መስመር ነው ያጣነው። ለእሱ ሲባል በየአራት ዓመቱ ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል።

አንጀቴን ያሳረረው ግን ይህ ሁሉ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ኮዱን ሳጸዳ አንድ መስመር አገኘሁ፦ የደንበኛው ቁጥር ከ9000 ከበለጠ የታሪፍ እርከኑን 1 አድርግ። ከተማዋ 5000 ደንበኛ እንኳን የላትም። የሙከራ ትርፍራፊ ነው ብዬ አጠፋሁት። በወሩ አንዲት እናት ቢል ይዘው መጡ። መቀነታቸውን ፈትተው የላብ ብር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። «ልጄ፣ አምና በዚህ ወር የከፈልሁትን አራት እጥፍ ነው ያመጣብኝ፤ ከየት ላምጣው?» እኚህ ሴት የቦኖ ውሃ ጠባቂ ናቸው። በጀሪካን እየቀዱ ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ቆጣሪያቸው የሚቆጥረው የመቶ ቤት ውሃ ነው።

ምክንያቱን የነገሩኝ ጡረታ የወጡ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ቤታቸው ስደርስ ጌሾ ይቀነጥሱ ነበር። «እትዬ፣ ይህ 9000 ምንድን ነው?» አልኋቸው። ቀና እንኳን አላሉም። «አይ ልጄ፣ እሱማ ቦኖ ነው። ታሪፉ በእርከን ነው፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። ቦኖ ደግሞ የድሃ ነው፣ ብዙ ስለቀዳ ሊወደድበት ነው? ቁጥሩን ከ9000 ጀምረን ለይተን ሁልጊዜ በመጀመሪያው እርከን ይታሰብ ተባለ።» ይህን የሚያውቁ በከተማዋ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። እሳቸው ባይኖሩስ? የድሃ ውሃ በእኔ እጅ በአራት እጥፍ እንደተሸጠ ይቀር ነበር።

ቢሉን አስተካክለን የተከፈለውን አስመለስን። ቁጣዬ ግን አልበረደም። አያቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። እዚያ መጽሐፍ ሲነበብ ከንባቡ ጎን አንድምታው አለ፣ ይህ ቃል ለምን እንደገባ «አንድም» እየተባለ ይተረጎማል። በብራናው ጫፍ ላይም ጸሐፊው ስሙን ያኖራል። ይህ ባህል ያለን ሰዎች የሕዝብ ውሃ የሚሰላበትን ኮድ ያለ አንዲት ቃል ትተን እንዴት እንሄዳለን? አለቆችስ ሲስተም ስትረከቡ «ማብራሪያው የታለ?» ብላችሁ መጠየቅ እንዴት ያቅታችኋል? ለማብራሪያው መጻፊያ ሁለት ሳምንት ክፈሉ። እኔ 17 ቦታ የምፈልግበትን ጊዜም ስጡኝ፣ ለዓርብ አትበሉኝ!

የጻፈውን ሰው አልረግመውም። በኮንትራት፣ በጥድፊያ፣ በጥቂት ብር እንደሠራ ኮዱ ራሱ ይናገራል። ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ይዞ ነበር፣ 2000 ዓ.ም. ሲገባ ተመልሶ መጥቶ 99 ወደ 00 ሲዞር ሒሳቡ እንዳይፈርስ አርሞታል። ግድ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ምናልባት ይህን ካነበብህ ወንድሜ፣ ወይም ካነበብሽ እህቴ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወቀሳ የለኝም። የቅጣት ስሌቱ ውስጥ የቆጣሪ ንባብ በትክክል 417 ከሆነ ቅጣቱን ዝለል የሚል አለ። ማንን ለማዳን ነው? እስካውቀው ድረስ አልነካውም፣ ዓርብም ቢያልፍ።