ሮቶውን አጥፋልኝ

እባካችሁ፣ ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ያለውን እዩ! ለምረቃ ጋዋን ተከራይታችሁ፣ ለመልስ ጥለቱ የሚያምር ቀሚስ አሰፍታችሁ፣ ፀጉር ቤት ግማሽ ቀን ውላችሁ፣ ከኋላችሁ ጥቁር ሮቶ፣ ቢጫ ጀሪካንና የተሰጣ ልብስ አሰልፋችሁ ትቆማላችሁ። የመብራት ምሰሶውም ልክ ከቆቡ መሀል የበቀለ ይመስላል። ከዚያ ፎቶው ወደ እኔ ይመጣል። «ባክግራውንዱን ብቻ ቀይርልኝ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።»

አምስት ደቂቃ! ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሰውን ከዳራው በአንድ ጠቅታ መምረጥ ይችላል፤ እውነት ነው። ኮት ከለበሰ መላጣ ሰው ጋር እኔም ጠብ የለኝም። ጣጣው ያለው ነጠላና ጎፈሬ ላይ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰማያዊ ግድግዳ በየክሩ መሀል ይታያል። ግድግዳውን ባነሣው ሰማያዊው ነጠላው ውስጥ ይቀራል፤ ደፍኜ ነጭ ባደርገው ነጠላው ጋቢ ይሆናል። ጎፈሬውንማ ተዉት፤ ማስኩን፣ ማለትም ሰውን ከዳራው የሚለየውን ሽፋን፣ በብሩሽ ቀስ እያልሁ ካልነካካሁት ዙሪያው በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ፎቶው ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ ተጨምቆ ተጨምቆ የፀጉሩ ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተዋህዷል።

ይህን ሁሉ አልፌ ፏፏቴ አስገባለሁ። ምርጫው ሁልጊዜ ፏፏቴ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ፀሐይዋ በባለፎቶዋ ፊት ላይ ከቀኝ፣ ፏፏቴው ላይ ከግራ ትመጣለች። ሣር ላይ ቆማ ስለነበር አገጯ ሥር አረንጓዴ ነጸብራቅ አለ። «ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ» ትለኛለች። መሰለ?

ብትሰሙኝ ዳራውን መቀየር ባላስፈለገ ነበር። ዓይን የሚሮጠው ወደ ደማቁና ወደ ብሩሁ ነገር ነው፤ የጀሪካኑን ቀለም ባፈዝዘው፣ ዙሪያውን ትንሽ ባጨልመው፣ ምሰሶውን ባጠፋው ይበቃል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ካሜራው ሳይነካ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር መራቅ ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፋ ካለ ዳራው ራሱ ይደበዝዛል። ያውም በነጻ!

ትናንት አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። ዳራው እንዲቀየር ነገሩኝና «እግረ መንገድህን አጠገቧ የቆመውን ልጅም አውጣልኝ፤ ተለያይተዋል» አሉኝ። ልጁ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ክንዱን ባነሣው ከሥሩ ያለውን ጥለት ከየት አመጣለሁ? የጎደለውን በራሱ ፈጥሮ በሚሞላ ፕሮግራም ሞከርሁ፤ መስቀሉ የተንጋደደ ጥለት ሠራልኝ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይኼ የልጄ ቀሚስ አይደለም» አሉ። ሒሳቡንም ሳይከፍሉ ሄዱ።