የሂርማታ በረንዳ የማን ነው?

ስለ ጅማ መሀል ከተማ ሲነሳ አፋችን ላይ የሚቀድመው ፈረንጅ አራዳ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያቆማቸው ሕንፃዎች እዚያ ስላሉ «ቅርስ» የሚለው ቃል ወደዚያው ያዘነብላል፤ ሂርማታ መርካቶ ግን «ያረጀ ሰፈር» ተብሎ ይታለፋል። የኮሪደር ልማት ወደ ከተማችን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ያረጀ መባል ቀላል ስም አይደለም።

ሂርማታ ጣልያን ከቀየሰው ከተማ በዕድሜ ይበልጣል። በጅማ መንግሥት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከታች ሂርማታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና አሞሌውን፣ ልንሸፋፍነው የማይገባውን የባሪያ ንግድም ጭምር ይዘው ይገናኙበት ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ማቆየታቸው ገበያውን ከጦርነት አተረፈው፤ ያ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1924 ዓ.ም. ነው። ሰፈሩን የቀየሰው እንግዲህ መሐንዲስ ሳይሆን ንግድ ነው ማለት ይቻላል።

የንግዱ አሻራ ዛሬም የሚታየው በረንዳው ላይ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ከሱቁ ደፍ አልፎ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ተደግፎ፣ እስከ መንገዱ ጠርዝ ይዘልቃል። በቅርቡ ዶፍ ሲይዘኝ የተጠለልኩበት በረንዳ ምሰሶ በትከሻ ቁመት ላይ ቀለሙ ተገፎ እንጨቱ እንደ ቅቤ ልሟል፤ ስንት ተሸካሚ ተደግፎት እንዳረፈ እንጃ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሲንጀራቸውን ከወጨፎው ወደ ውስጥ እየሳቡ «ቁም እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል፣ ያባራል» አሉኝ። በጅማ ዝናብ በረንዳ ጌጥ አይደለም፤ እግረኛው፣ ገዢውና ሻጩ የሚጋሩት መንገድ ነው። ችግሩ፣ መንገድ ለማስፋት ሜትር ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን መሆኑ ነው።

ቤቶቹ መጎሳቆላቸውን አልክድም፤ የፍሳሽ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። ነገር ግን ለጉስቁልናቸው ተጠያቂው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ በየከተማው ብዙ ቤት የቀበሌ ሆነ፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚከፍለው ኪራይ አነስተኛ ነው፣ የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስም አይደፍርም፤ ከዚያ ኪራይ ደግሞ ለእድሳት የሚተርፍ የለም። ባለቤት ያጣ ምሰሶ ምስጥ ቢበላው ምን ይደንቃል?

የምጠይቀው ሰፈሩ እንዳለ ይድረቅ ብዬ አይደለም። ቤቶቹ ከመነካታቸው በፊት አንድ በአንድ ይመዝገቡ፤ መቆም የሚችሉት ምሰሷቸው ተተክቶ ይጠገኑ፤ በፈረሱት ምትክ የሚሠራውም ሕንፃ ምድር ቤቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ለእግረኛ የሚሆን ጥላ በግንባሩ እንዲተው በግንባታ ፈቃዱ ላይ ግዴታ ይደረግበት። በረንዳውም በካርታ ላይ የሱቁ ትርፍ ቦታ ተብሎ ሳይሆን የመንገዱ አካል ሆኖ ይስፈር። ይህን ለማድረግ ጊዜው አሁን፣ ሜትሩ ሳይዘረጋ ነው።