ማዕበሉን ለሰባኪ አትስጡት

ሰሞኑን አንድ ሐያሲ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የሆላንድ የመርከብ አደጋ ህትመቶች፣ ማለትም መዳብ ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎች፣ ስብከት ብቻ ናቸው ብሎ አጣጣላቸው። ማዕበሉ ኃጢአት፣ መርከቧ ነፍስ መሆኗ ነው። ይባስ ብሎም ቀራጮቹ ባሕርን የሚያውቁት ወደብ ላይ ቆመው ነው አለ።

ይህ ድፍረት ነው። የባሕር ሠዓሊው ሉዶልፍ ባክሃውዘን ማዕበል ሲነሳ በትንሽ ጀልባ እየወጣ ሞገዱን ያጠና እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አርኖልድ ሃውብራከን መዝግቧል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1701፣ በ70 ዓመቱ፣ የባሕር ትዕይንቶቹን በገዛ እጁ መዳብ ላይ ቀርጿል።

ሐያሲው ወርቁን ሲያሳድድ ሰሙን ዘለለው። ሰሙ እኮ ነፋሱ ነው! ባንዲራው፣ የተቀደደው ሸራና የሞገዱ ጫፍ ሁሉም ወደ የብስ ሲያዘነብሉ ካያችሁ የመርከቧን መጨረሻ አወቃችሁ። የሆላንድ ዳርቻ ለምዕራብ የተጋለጠ ነው፤ ኃይለኛው ነፋስም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ የአሸዋ ደለል ሞልቶታል። የዘመኑ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከብ ነፋስን ፊት ለፊት ገፍቶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ መልህቅ ይጣላል። መልህቁ አሸዋውን እያረሰ ከተጎተተ፣ ነፋሱ የሚይዘው ነገር እንዲቀንስ ምሰሶው በመጥረቢያ ይቆረጣል። ያም ካልረዳ መርከቧ ደለሉ ላይ ትቀመጥና ሞገዱ እያነሳ እስክትሰነጠቅ ያላትማታል። እ.ኤ.አ. በ1593 የገና ዋዜማ፣ ቴክሰል ደሴት አጠገብ መልህቅ ጥለው ከነበሩት መርከቦች 40 ያህሉ ጠፉ። ነጋዴውና ገጣሚው ሩመር ቪስኸር ከጥቂት ወራት በኋላ ለተወለደች ልጁ ቴሰልስኻደ፣ ማለትም የቴክሰል ጉዳት፣ የሚል ስም አወጣላት። ይህ የኃጢአት ምሳሌ ነው?

ቅርጹም ይህንኑ እውቀት ይጠይቃል። የመዳቡ ዝርግ ሰም ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ አሲድ ውስጥ ይገባል። ሩቅ ያለችው መርከብ መስመሯ ቀጭን እንዲሆን፣ አሲዱ አብዝቶ እንዳይበላት ቶሎ በቫርኒሽ ትሸፈናለች፤ የቅርቡ ሞገድ ግን መስመሩ እንዲጠልቅ ተመልሶ ይነከራል። አረፋው ጨርሶ አይነካም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። መስመሮቹ ከልክ በላይ ከተጠጋጉ አሲዱ መሃላቸውን በልቶ ሞገዱን ጭቃ ያስመስለዋል። በዚያ ላይ ህትመት ግልባጭ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከግራ የሚነፍሰው ነፋስ መዳቡ ላይ ከቀኝ መነሳት አለበት። ነፋስን የማያውቅ እጅ ባንዲራውን ወዲህ፣ ሸራውን ወዲያ ይልከዋል።

ቀራጩ ያን ላውከን ከሥዕሎቹ ጋር መንፈሳዊ ግጥም ይጽፍ እንደነበር አልክድም። እሱ ግን ሁሉም አይደለም። የዚያን ጊዜ የአምስተርዳም ሰው ከአንዲት መርከብ ከ32 አንድ እጅ ድርሻ ይገዛ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እነዚህን ህትመቶች ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የመልህቁን ገመድ ነው፦ ተወጥሯል ወይስ ተበጥሷል?