ጥሪው ይቅደም ወይስ ፋይሉ?

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የጋራ ቢሮ ብዙ ሰው አንድ የኢንተርኔት መስመር ይጋራል። ራውተሩ ለድምፅ ጥሪ ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ ልክ ነው ወይ? መስመሩን የምታስተዳድረው ባለሙያና እዚያው የሚሠራ ቪዲዮ አዘጋጅ ተከራክረዋል።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት የጥሪ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመርጣል። አንዱ ትልቅ ፋይል አፕሎድ ሲያደርግ ግን የራውተሩ ወረፋ ይሞላል፣ የድምፁ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ትንሽ ቁራጭ) ከኋላ ይቀራል። ከዚያ "ሃሎ? ይሰማል?" ይጀመራል። ጥሪ ላይ የጠፋ ፓኬት ቆይቶ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ንግግሩ አልፏል። ፋይል ግን የጎደለው እንደገና ይላክለታል። ፋይል ይጠብቃል።

አዘጋጁ፦ "ፋይል ይጠብቃል" አልሽ? የሚጠብቀው ፋይሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የዘጌን ገዳማት ቀረጻ ለደንበኛ ልልክ ተቀምጬ፣ አፕሎዱ 94 በመቶ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ክፍያዬ ያለው እዚያ ፋይል ላይ ነው። ጎኔ ያለው ሰው ስለ ምሳ ያወራል። የሱ ወሬ ከኔ እንጀራ በምን ይበልጣል? ደግሞስ ራውተሩ ጥሪን በምን ይለያል? በፓኬቱ ራስጌ ላይ ባለች የ6 ቢት ምልክት ነው። የድምፅ ምልክት የሆነውን ቁጥር 46 የጻፈ ሁሉ ይቀድማል ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ አንድ የተለመደ የድምፅ ጥሪ ወደ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ቢወስድ ነው። ይህ የትኛውን ቪዲዮ ያቆማል? አፕሎድህን ያቆመው እንዳንተው ፋይል የሚልክ ሌላ ሰው ነው። ምልክቷን በተመለከተ፣ ከላፕቶፕህ የመጣውን አላምንም። ራውተሩ መግቢያው ላይ ምልክቷን ሰርዞ ራሱ ይመድባል። የድምፅ ወረፋም ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ያለፈው ይጣላል። "ወሬ" ያልከው ግን አስከፍቶኛል። ጥሪው የምሳ ይሁን የመርዶ እኔ አላዳምጥም።

አዘጋጁ፦ አታዳምጪም፤ ግን ትገምቻለሽ። ዛሬ በመስመሩ የሚያልፈው ዳታ የተመሰጠረ ነው፣ ውስጡ አይታይም። በአድራሻና በፖርት (ዳታው በሚገባበት የበር ቁጥር) ብቻ "ይሄ ጥሪ ነው" ትያለሽ። ግምትሽ ሲስት የሚከፍለው ማን ነው?

ባለሙያዋ፦ እስካሁን ከጥሪ ደዋዮች ማንም አላማረረም።

አዘጋጁ፦ እህቴ፣ መልስ አይደለም! ሳይገምቱ የሚሠራ ዘዴ አለ። ኤፍኪው-ኮዴል ይባላል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በይፋ ተጽፏል። መስመሩን ለየፍሰቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጥሪና ፋይል፣ ያካፍላል። ጥሪ ቀጭን ስለሆነ ማንም ሳይሾመው ቀድሞ ይወጣል። እኔም ድርሻዬን አገኛለሁ። አንቺ ግን ማን እንደሚቀድም ብቻሽን ወስነሻል። ደንቡን ያየ ሰው አለ?

ባለሙያዋ፦ ደንቡን ጽፌ በር ላይ እለጥፋለሁ። ያንን ዘዴም ሰው በሌለበት ሰዓት እሞክረዋለሁ፣ ጥሪ ከቆረጠ ግን እመልሰዋለሁ። አንተም ስለ ወሬ ያልከውን ጎንህ ላለው ሰው ራስህ ንገረው።